አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ፤ የሐጂ እንድሪስ ጀልባ

ከሚሴ ውስጥ ጀልባ ሠርቻለሁ ስል ሰው ፊቱን ወደ ቦርከና አዙሮ ይስቃል። አልፈርድበትም። ቦርከና በበጋ ፍየል ሆዷን ሳታረጥብ የምትሻገረው ወንዝ ነው፤ ክረምት ሲሞላ ደግሞ ጀልባ ሳይሆን ዱዓ ነው የሚያሻግረው። ግን ሠርቻለሁ። ያውም ባለ ሁለት ሞተር፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ የሚዞር።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሥራ መፍታቴ ነው። ጡረታዬን የፈረመልኝ መሥሪያ ቤት ሳይሆን ጉልበቴ ነው። መቀመጡን እቀመጣለሁ፤ መነሣቱን ግን ሰው ይጎትተኛል። ደግሞም የናፍጣ ወፍጮ የሚባል ነገር ከአካባቢያችን እየጠፋ መጣ። ሁሉም ወደ መብራት ዞረና ጠዋት ጠዋት ከተማውን የሚቀሰቅሰው የሞተር ድምፅ ቀረ። እኔ የሠራሁበት ጋራዥ ግቢ ውስጥ ዛሬ የባጃጅ ጎማ ይለጠፍበታል። ሳልፍ ሰላም እላቸዋለሁ፤ ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ሞተር ሲያንኳኳ ግን ሙዚቃውን ከፍ አድርገው የሚያልፉ ናቸው።

ሥራ የጀመርኩት በመንግሥት የውሃ ፓምፕ ላይ ነው። መጀመሪያ የተመደብኩት ባቲ ነበር። ሰኞ ገበያ ሲቆም ከቆላ የመጣው ግመል ሁሉ ውሃ ይፈልጋል፤ ፓምፑ ደግሞ የሚበላሸው ሰኞን ጠብቆ ነው። አለቃዬ ማኅተም የሚወድ ሰው ነበር። ለአንድ ብሎን ሦስት ፊርማ ያስፈርመኝ ነበር፤ ፊርማው እስኪሟላ እኔ ብሎኑን ከኪሴ ገዝቼ ፓምፑን አስነሥቼዋለሁ። ከዚያ ወደ ሰንበቴ አዛወሩኝ። የሰንበቴው አለቃ ደግሞ ተቃራኒ ነበር፤ ምንም አይጠይቅም፣ ምንም አያይም፣ ጥላ ካለበት ተቀምጦ የከብት ዋጋ ያወራል። በሁለቱ መካከል ሥራ ሰለቸኝና ለቅቄ ከሚሴ ገባሁ። ሐጂ እንድሪስን ያገኘሁትና ጋራዣቸው ሥራ የገባሁት ያን ጊዜ ነው።

ሐጂ እንድሪስ የከሚሴ ሰው ናቸው፤ የወጣትነት ዕድሜያቸውን ግን አሰብ ወደብ ላይ በጀልባ ሞተር ጥገና ነው የጨረሱት። ደርግ ወድቆ ሁሉም ወደየአገሩ ሲመለስ እሳቸውም አንድ ሣጥን መፍቻ ይዘው መጡ። ባሕር የለ፣ ጀልባ የለ። ስለዚህ በአውራ ጎዳናው ዳር ጋራዥ ከፍተው የወፍጮ ሞተር መጠገን ጀመሩ። ከሰንበቴ እስከ ባቲ ወፍጮ ያለው ሁሉ የሚጠራቸው እሳቸውን ነበር። «ሐጂ ከነካው አይቆምም» ይባል ነበር፤ ይህም ቃል ከየትኛውም ማኅተም በላይ ነበር።

ልማዳቸውን ልንገራችሁ። ሞተርን የሚያባብሉት በኦሮምኛ ነው፤ «ኮቱ፣ ኮቱ»፣ ና፣ ና ይሉታል፣ እንደ ጥጃ። የሚቆጡት በጣልያንኛ ነው። ሲነሣ ደግሞ «አልሐምዱሊላህ» ብለው በዐረብኛ ይደመድማሉ። አንድ ረጅም ካቻቢቴ ነበራቸው፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የትኛው ኩሽኔታ እንደተበላ ሳይፈቱ ይነግሩሃል። ፈተን ስናየው እሳቸው እንዳሉት ይሆናል። ያን ጊዜ እኛ ብንደነቅም እሳቸው ቀድመው ሌላ ሥራ ይዘዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን ይኼ ነው፦ ማንም ሰው ሞተሩ ወደ የት እንደሚዞር ጮክ ብሎ ሳይናገር ማስነሣት አይችልም። ቮላኖ በምንለው ከባዱ መንኮራኩር ላይ በጠመኔ ቀስት ይሥላሉ። «ከየት ቆመህ ነው የምታየው?» ይሉሃል። «ከኋላ።» «ወደ የት ይዞራል?» «ወደ ቀኝ።» «አስነሣው።» መጀመሪያ ሰሞን እንደ መድረሳ ተማሪ ስለሚያስቆጥሩኝ ያናድደኝ ነበር። ቆይቶ ግን እኔም ቤት ውስጥ የበር ቁልፍ ሳዞር እናገር ጀመር፤ ሚስቴ ስቃ ልትሞት።

ባጃጅ ገና ወደ ከሚሴ መግባት በጀመረበት ሰሞን ከደሴ ማዶ ካለው ሐይቅ ሰዎች መጡ። ከሐይቁ ማዶ ያለው ሕዝብ ገበያ ለመውጣትም ሆነ በሽተኛ ለማድረስ ውሃውን ዞሮ ረጅም መንገድ ይሄዳል። አንድ ሞተር ያላት ጀልባ ነበረቻቸው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሞተሯ ከጠፋ ነፋሱ ወደ ወሰዳት መሄድ ነው። አሁን ተሰባስበው ባለ ሁለት ሞተር ሊያሠሩ ፈለጉ፤ አንዱ ቢጠፋ አንዱ ያደርሳል ብለው። ሐጂ አሰብ እንደሠሩ ሰምተው ነበር የመጡት።

ሐጂ ሰዎቹን አስቀምጠው ሲያዳምጡ ፊታቸውን አየሁት። ስንት ዓመት ወፍጮ ሲጠግኑ እንዲህ ያለ ፊት አይቼባቸው አላውቅም። ገና ሳይጨርሱላቸው «እሺ» አሉ።

ጀልባዋን ብረት በብረት በይደን የሠራነው ከሚሴ ጋራዡ ግቢ ውስጥ ነው። ከውሃ ያን ያህል ርቀን ጀልባ ስንሠራ ከተማው ሁሉ ለማየት ይመጣ ነበር። ሚኒባሶች መንገደኛ ይዘው ቆመው ያያሉ። አንድ ቀን ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ «ሐጂ፣ አካም ቡልተን? እንዴት አደሩ? ጎርፉ መቼ ነው? እኛም ዕቃችንን እንጫን እንጂ» አላቸው። ሐጂም «ነቢ ኑሕም ተስቆባቸዋል፤ አንተን ግን ከነሽንኩርትህ አልጭንህም» አሉት። ግቢው በሳቅ ተሞላ።

አሁን ስለ ሞተሩ ላስረዳ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ስለሆነ። ከጀልባዋ በታች ውሃ የሚገፋው ባለ ቅጠል ብረት፣ ፕሮፔለር የሚባለው፣ ውሃውን ወደ ኋላ ብቻ አይገፋም። በዞረበት በኩል የጀልባዋንም ጅራት ቀስ እያለ ወደ ጎን ይወስዳል። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን እየሳበች ነጂውን ስታታግለው ትውላለች። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ከሆነ ግን የአንዱን የጎን ጉልበት ሌላው ያጠፋዋል፤ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ሐጂ ይህን ሲያስረዱኝ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ከኋላ ሆነህ ስታይ እንደ በር ሁለት መዝጊያ ከላይ ወደ ውጭ የሚከፈቱ መሆን አለባቸው» አሉኝ። ስትቆምም አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ ብትሰጣት ባለችበት ትዞራለች። እኔ እስከዛሬ እንዲህ ያለ ያማረ ነገር በሞተር ሥራ አላየሁም።

ችግሩ፣ የተገዙት ሁለት ሞተሮች መንትያ ናቸው፤ ሁለቱም ወደ ቀኝ ነው የሚዞሩት። ካምቢዮአቸውም፣ ማለትም የማርሽ ሣጥናቸው፣ መንትያ ነው። የግራው ፕሮፔለር በግራ እንዲዞር የሚገለብጥ ሌላ ዓይነት ካምቢዮ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያልጠየቅንበት ሱቅ የለም፤ አልተገኘም። ረመዳን እየደረሰ ነው፤ ሰዎቹ «ሐጂ፣ ጾሙን በእግር ዞረን ነው ወይ የምንጾመው?» እያሉ ይደውላሉ።

ሐጂ አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት ተመልሰው ካምቢዮውን ትኩር ብለው አዩና «ቺንጋውን እናጠላልፈዋለን» አሉ። ወፍጮ የሚያውቅ ይህ ይገባዋል። የወፍጮው ድንጋይ በተቃራኒ መዞር ካለበት ቺንጋውን፣ ማለትም ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚሄደውን ቀበቶ፣ መስቀልኛ ታስገባዋለህ፤ ይገለበጣል፤ አለቀ። ሐጂ ያሰቡት የግራውን ካምቢዮ ሁልጊዜ በኋላ ማርሽ እንዲሠራ ማድረግ ነው። የማርሹን ገመድ ገልብጠን አሰርነው፤ ነጂው የማርሹን ዘንግ ወደ ፊት ሲገፋ የግራው ወደ ኋላ ማርሽ ይገባል፣ የግራው ፕሮፔለር ደግሞ ለግራ የተሠራ ስለሆነ ጀልባዋን ወደ ፊት ይገፋል። ጎበዝ አልን። እንዲያውም ሳቅን፤ እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ስንት ሱቅ መዞራችን ነው የሚያስቀው።

በትልቅ መኪና ጭነን በኮምቦልቻ፣ በደሴ በኩል ወሰድናት። ሐይቁ ላይ ስትወርድ ቀጥ ብላ ሄደች። ነጂዋ ይማም የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ከመሪው እጁን አንሥቶ አሳየን፣ አልተዛነፈችም። ሴቶቹ እልል አሉ። ሐጂ ባሕሩ ዳር ቆመው ነበር፤ ጀልባዋ ላይ አልወጡም። ያን ጊዜ ሥራቸውን ከሩቅ ማየት ወደው ነው ብዬ አሰብኩ።

ረመዳን ወጣ፣ ዒድ አለፈ፣ ጀልባዋ ትሠራለች። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከሚሴ የወፍጮ ራስ ፈትተን ሳለ ስልክ ተደወለ። ነፋስ ተነሥቷል፣ ጀልባዋ ሞልታለች፣ መሐል ላይ ሲደርሱ የግራው ካምቢዮ ሸተተና መንሸራተት ጀመረ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ፕሮፔለሩ አይዞርም። የቀረው የቀኙ ሞተር ብቻውን ሲገፋት ዞረች፤ ይማም ሊያቃናት ታገለ፣ ነፋሱ በለጠው፣ ወስዶ ከድንጋዩ ዳር አላተማት። አንድ አዛውንት ክንዳቸው ተሰበረ። እትየ ዘሃራ የሚባሉ ነጋዴ ሊሸጧቸው የጫኗቸው ፍየሎች ውሃ ውስጥ ገቡ። ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ያን ቀን ያዩትን ፍርሃት ማንም አልረሳውም።

በማግስቱ ሄደን ካምቢዮውን ከፈትነው። የሞተሩን ጉልበት ወደ ፕሮፔለሩ የሚያስተላልፉት የፍሪሲዮኑ ሰሌዳዎች እንዳረረ ቂጣ ጠቁረዋል። ኋላ ማርሹ የተሠራው ጀልባ ከመቆሚያዋ ለማውጣት፣ ለአፍታ ለሚሆን ሥራ ነው። እኛ ቀኑን ሙሉ አሸክመነዋል። አሰብ ሐጂ ያወቋቸው ትልልቅ ካምቢዮዎች በሁለቱም ማርሽ እኩል ጉልበት ነበራቸው፤ ይህኛው ግን እንደዚያ አልነበረም። ቺንጋ ስታጠላልፍ ደግሞ የሚደክም ነገር የለም፤ ካምቢዮ ውስጥ ግን አለ። ሐጂ አንዱን ሰሌዳ አነሡ፣ አሸተቱት፣ መልሰው አስቀመጡት።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ወሬ ከእኛ ቀድሞ ከሚሴ ገብቶ ነበር። ወፍጮ ያላቸው ደንበኞቻችን እየቀሩ መጡ። ማንም ክፉ አልተናገረም፤ ሞተሩን ብቻ ሌላ ጋ ይወስደዋል። አንድ ቀን ሙሉ ጋራዡ ውስጥ የሚከፈት ሞተር ሳይኖር ዋልን። ሐጂ መፍቻዎቹን በናፍጣ እያጠቡ በረድፍ ደረደሯቸው፤ የተደረደረውን አፍርሰው እንደገና ደረደሩ። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የገነባው ስም ነው ያን ቀን እንደ ጥርስ ሲነቃነቅ ያየሁት።

በዚያው ሳምንት «ተነሥ፣ ማዶ እንሂድ» አሉኝ። የከሰሳቸው የለም፣ የጠራቸው የለም። በእግራችን ሐይቁን ዞረን ማዶ ካሉት አበጋሮች ዘንድ ደረስን። አበጋር በእኛ አገር ደም የተቃባን የሚያስታርቅ፣ ዱዓው የሚፈራ ሽማግሌ ነው። ዋናው ሼህ ከማል ይባላሉ። ዛፍ ሥር ሕዝቡ ተሰበሰበ፤ ክንዳቸው የታሰረው አዛውንትም፣ እትየ ዘሃራም አሉ። ሐጂ ጫማቸውን አውልቀው መሐል ቆሙ።

«ጀልባዋን የሠራሁት እኔ ነኝ። የማይችለውን አሸከምኩት። ነጂው አላጠፋም፣ ነፋሱም አላጠፋም። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ።

ሰው ሁሉ «አፉ ብለናል» አለ። አዛውንቱ ባልተሰበረው እጃቸው መረቁ። እትየ ዘሃራ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«አፉ ብያለሁ ሐጂ፣ ለአላህ ብዬ። ጀልባዋ ላይ ግን እኔም አልወጣ፣ የተረፉት ፍየሎቼም አይወጡ» አሉ።

ጥቂት ሰው ሳቀ። ሼህ ከማል አልሳቁም። «እውነቷን ነው። አፉ ማለት ሌላ፣ መሳፈር ሌላ» አሉና ወደ ሐጂ ዞሩ። «ልታስተካክላት ትፈልጋለህ?»

«ኢንሻአላህ።»

«እንግዲያው ፍርዱ ይኼ ነው። አንተ አትንካት። ያስተማርከው ሰው ይሥራት። ስታልቅ፣ ነፋስ ባለበት ሰዓት፣ አንተ እንደ ማንኛውም ሰው ተሳፋሪ ሆነህ ተሻገር። እኛ ከዚህ ሆነን እናያለን።»

ሐጂ ዘወር ብለው አዩኝ። እኔ እግሬን አየሁ።

የሚገለብጠው ካምቢዮ በመጨረሻ የተገኘው ከአሰብ ዘመን ጓደኛቸው ነው። ያገለገለ ነው፤ ወደ ግራ ከሚዞር ሞተር ላይ የወረደ። ሲመጣ ሐጂ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞሩት፤ አልነኩትም። ለፍርድ እንዲህ ያለ ክብር የሚሰጥ ሰው ከዚያ በኋላ አላየሁም። እኔ ሐይቁ ዳር በሸራ ጥላ ሥር ስሠራ እሳቸው ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የተስቢህ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ዝምታቸው ከቁጣቸው ይከብድ ነበር።

ሊገጠም ሲል እንደ ልማዳችን ጮክ ብዬ መናገር ጀመርኩ። «ከኋላ ሆኜ ሳይ ሞተሩ ወደ ቀኝ ይዞራል። ካምቢዮው ይገለብጠዋል። ፕሮፔለሩ ወደ ግራ ይዞራል።» ከዚያ ዘይት የሚገፋው ትንሹ ፓምፕ ላይ ደረስኩ። አካሉ ላይ ቀስት አለው፤ ቀስቱ የሚያሳየው ወደ ግራ ነው። የወረደበት ሞተር ግራ ዞሪ ስለነበረ ፓምፑም ለዚያ ነበር የታሰረው። በእኛ ሞተር ላይ እንዲሁ ብገጥመው ዘይት አይገፋም፤ ፍሪሲዮኑ ከዳር ሳይርቅ ያርራል። ፓምፑን ፈትቼ፣ ቀስቱ ወደ ቀኝ እንዲያሳይ አዙሬ፣ ዘይት እንዳያፈስ አዲስ ጋርኒሲዮን አድርጌ አሰርኩት። የተገለበጠውን የማርሽ ገመድም ወደ ቦታው መለስኩ። ሞተሩና የፕሮፔለሩ ዘንግ ቀጥ ብለው መግጠማቸውን ስለት በሚያህል ቀጭን ብረት በየጎኑ እያስገባሁ ለካሁ። ጀልባዋ ውሃ ላይ ስትቀመጥ ብረቷ ትንሽ ስለሚላላ እንደገና ለካሁ። ከዚያ በገመድ ከዳር አስረን ሁለቱንም ሞተሮች ረጅም ሰዓት አስገፋኋቸው፤ ካምቢዮውን በእጄ ስነካው ለብ ያለ ነበር።

ሐጂ ከድንጋያቸው ላይ ሆነው ይህን ሁሉ አይተዋል። ፓምፑን ሳዞር አይተዋል ወይስ አላዩም፣ አላወቅኩም። መጠየቅም አልደፈርኩም።

የተቀጠረው ቀን ነፋሱ ከሌላው ቀን የበረታ መሰለኝ። ይማም መሪውን ያዘ፣ እኔ ከኋላ ሞተሮቹ ዘንድ ቆምኩ። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው መጡ፣ «ቢስሚላህ» ብለው ወጡ፣ ከፊት ወንበር ላይ ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው ተቀመጡ። ሌላ ተሳፋሪ አልነበረም። ማዶ ሕዝቡ እንደ ጥቁር መስመር ቆሞ ይታያል።

መሐል ላይ ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን መታት። አንዱ ፕሮፔለር ለአፍታ ከውሃው ወጣና ሞተሩ ጮኸ። ካምቢዮውን ዳበስኩ፤ ደህና ነው። ሐጂን አየኋቸው። አልዞሩም። ትከሻቸውም አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ፣ እውነት ለመናገር፣ ተቀየምኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብለው «እንዴት ነው?» ቢሉኝ ምን ነበረበት ብዬ አሰብኩ።

ማዶ ደረስን። ይማም አንዱን ሞተር ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ ሰጥቶ ባለችበት አዞራትና ጎኗን ከዳሩ አስጠጋት። ሐጂ ከወንበራቸው አልተነሡም፤ ለመመለስ የተቀመጡ ተሳፋሪ ነበሩ። እትየ ዘሃራ ትንሽ ቆዩና ሁለት ፍየል በገመድ እየጎተቱ ወደ ውሃው ወረዱ። ፍየሎቹ እምቢ አሉ፤ እትየ ዘሃራ አንዷን አቅፈው ወጡና ከሐጂ ጎን ተቀመጡ። ከዚያ ሌላው ተከተለ፣ ከዚያ ሌላው። ሞልተን ተመለስን።

ሰዉ ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ ሐጂን ለማስነሣት እጃቸውን ያዝኩ። መዳፋቸው ላይ የወንበሩ ብረት ጠርዝ ሰምበር አውጥቶበታል፤ ጠርዙን እንዴት አድርገው ጨብጠውት እንደነበር እሱ ይናገራል።

«ሐጂ፣ ፈርተው ነበር?» አልኳቸው።

«ወላሂ ፈርቼ ነበር» አሉ። «አሰብ ወጣትነቴን ሙሉ የኖርኩት መዋኘት ሳልችል ነው። ጀልባ ጠግኜ ለባለቤቱ ሰጥቼ ዳር ላይ እቀራለሁ እንጂ ተሳፍሬ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብለው አላዩኝም?»

መዳፋቸውን በጀለቢያቸው ጠረጉ።

«የፈራሁት ውሃውን ነዋ» አሉ። «አንተን ምን ብዬ አይሃለሁ? ፓምፑን ስታዞረው አይቻለሁ።»